በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር?

የሚኒባስ ሾፌርን «ናፍጣ ስንት ገባ?» ብለው ቢጠይቁት እስከ ሳንቲሙ ይነግርዎታል። «መኪናህ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ካሉት ግን መልሱ ዞሮ በብር ይመጣል፤ በቀን ይህን ያህል ብር ትጠጣለች ይላል። ይህንኑ ጥያቄ ለዓመታት ለሾፌሮች፣ ለባለንብረቶችና ለጋራዥ ባለሙያዎች ሳቀርብ ቆይቻለሁ። ቁጥሩን በደብተር ይዞ ያገኘሁት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ስለ ናፍጣ የምናደርገው ክርክር ሁሉ የሊትሩን ዋጋ የሚመለከት ነው። ያ ሊትር ምን ያህል መንገድ አስኬደን ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ በእጃችን ያለው ይህኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋጋውማ በእጃችን አይደለም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ገደማ ሆነ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 99 ብር ገደማ ደረሰ። በሁለት ዓመት ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ሀገሪቱ ድፍድፍ የምታጣራበት ማጣሪያ የላትም። የአሰቡም ቢሆን በኤርትራ እጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። ናፍጣችን በዶላር ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ፣ እሱንም ናፍጣ በሚያቃጥል ቦቴ ተጭኖ ነው ወደ ደጋ የሚወጣው። የዓለም ገበያም ሆነ የዶላር ምንዛሪ አንድ የታክሲ ሾፌር የሚያዝዛቸው ነገሮች አይደሉም።

አንድ ሚኒባስ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይሠራል እንበል። በሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 18 ሊትር ከሦስት ሩብ ያቃጥላል፤ በሊትር 10 ቢሄድ 15 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ በ99 ብር ሲሰላ በቀን 370 ብር ገደማ ነው። በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ሰው ከ110,000 ብር ይበልጣል። ከ8 ወደ 10 መድረስ ደግሞ አዲስ መኪና መግዛትን አይጠይቅም። ኖዝሉ ባረጀ፣ የጎማው ነፋስ በጎደለ፣ ፍሬኑ ለቀቅ በማይል መኪና ላይ የሚባክነው ተደማምሮ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል።

ናፍጣ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም እንዲሁ። ሞተሩ ግን የጀርመናዊው የሩዶልፍ ዲዝል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ከተማ ላይ የተፈተሸው ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ከመቶ 26 እጁን ያህል ወደ ሥራ ቀየረ፤ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች እጅግ የላቀ ነበር። ምሥጢሩ እሳት የሚጭር ካንዴላ አለመፈለጉ ነው። አየሩን ብቻውን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ አየሩ በመጨመቁ ብቻ ይግላል፤ ከዚያ ናፍጣው በኖዝል እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ በራሱ ይነድዳል። ስለዚህ የናፍጣ መኪና ቁጠባ ሁለት ነገሮች ላይ ቆሟል፤ በቂ አየር መኖሩና ናፍጣው በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው መጠን፣ በደቃቁ መረጨቱ። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል በጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ያ ጭስ በወጉ ያልነደደ ናፍጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በእርግጠኝነት ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መደብ አስገብቶታል። ከአንድ አሮጌ አይሱዙ ኋላ ዳገት የወጣ ሰው የባለመኪናውን ገንዘብና የራሱን ሳንባ አንድ ላይ ሲጎዱ ያያል።

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ነገር ከሌላው ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን እየገፋ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በአመዛኙ ያካክሳል። ታክሲ ሆነው የሚሠሩት የቆዩ ቶዮታ ሃያሶች ብዙዎቹ ግን ቱርቦ የላቸውም፤ ፓምፓቸውም ሜካኒካል ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ፓምፑ የተረገጠውን ያህል ይልካል እንጂ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ጅማ መንገድም ሆነ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚታየው የጭስ ደመና ከዚህ ይመነጫል። ይባስ ብሎ መኪናዋ ጉልበት ታግኝ ተብሎ የፓምፑ መጠን እንዲጨመር ይደረጋል። አየሩ በቃኝ ካለ በኋላ የሚጨመር ናፍጣ ጉልበት አይሆንም፤ ጭስ ይሆናል። ጥሩ የፓምፕ ባለሙያ በመፈተሻ ማሽን ላይ አውጥቶ መጠኑን ለደጋው አየር ቢያስተካክለውና ኖዝሎቹን አንድ በአንድ ቢፈትሻቸው ወጪው ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። አየር ማጣሪያውም በእነዚህ መኪኖች ላይ የሚናቅ አይደለም። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ የሳሳውን አየር ይብሱን ያሳሳዋል።

ስለ ጋራዥ ካነሳሁ አይቀር የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒክአፕ መኪናዬ ሙቀት እየጨመረች አስቸገረችኝና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሲመልሱልኝ ሙቀቱ ጠፍቷል። ተደሰትኩ። ከወር በኋላ ግን ደብተሬ ሌላ ነገር ነገረኝ፤ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው መኪና 9 ተኩል ላይ ወርዳለች። ጎማ አስነፋሁ፣ ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጠዋት ጠዋት የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች ተነስቶ ለረጅም መንገድ ወደ መሐል እንደማይደርስ ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው ቴርሞስታቱ የለም። የመጀመሪያው ጋራዥ መፍትሔ አድርጎ የወሰደው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነበር።

ይህ በሀገራችን በጣም የተለመደ ነገር ስለሆነ ጉዳቱን መናገር እፈልጋለሁ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚከለክል ትንሽ በር ነው። የናፍጣ ሞተር በደንብ የሚሠራው ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሲሆን ነው። በሩ ከወጣ ውሃው ገና ከመነሻው ራዲያተር ውስጥ እየቀዘቀዘ ይዞራል፤ በአዲስ አበባ ብርድማ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ሊውል ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ናፍጣው በወጉ አይነድም፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። የእኔ መኪና ሙቀት የጨመረችው ደግሞ ራዲያተሩ በዝገት ስለተደፈነ ነበር። እሱ ታጥቦ ቴርሞስታቱ ሲመለስ መኪናዋ ወደ 11 ተመለሰች። ደብተር ባልይዝ ኖሮ እስከ ዛሬ ናፍጣው ተበላሸ፣ ጥራቱ ወረደ እያልኩ እኖር ነበር።

ጉዳዩ በከባድ መኪኖች ላይ ሲሆን ይገዝፋል። ከጅቡቲ በገላፊ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ የሌላ ሀገር ሾፌር የማያውቀው የእኛ ፈተና እዚህ አለ፤ መኪናው ቁልቁል ሲሄድ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፣ ሽቅብ ሲመለስ ግን ሙሉ ጭኖ ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢን ከባሕር ጠለል አንስቶ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለማድረስ፣ የነፋሱና የጎማው ትግል ሳይቆጠር፣ ለመውጣቱ ብቻ 60 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይቃጠላል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ በምንም ብልሃት አይቀነስም። በብልሃት የሚቀነሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ዳገት ላይ ሞተሩን ሳያስጮኹ በአረንጓዴው የዙር መለኪያ ክልል መውጣት፣ የአፋር ሜዳ ላይ ደግሞ ፍጥነትን መግታት። ከ80 ወደ 100 ሲገባ የነፋሱ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ቆሞ የሚንደቀደቅ ከባድ ሞተር በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። በአፋር ሙቀት ጋቢና ውስጥ ለሚያድር ሾፌር ሞተር አጥፋ ማለት ቀላል አይደለም። ወረፋ በሚጠበቅበት ቦታ ጥላና ማረፊያ ቢኖር ብዙ ናፍጣ ይተርፍ ነበር።

ቁልቁለትን በተመለከተ አንድ አደገኛ እምነት አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው እዚያ ላይ ማርሽ አውጥተው በነጻ የሚለቁ ሾፌሮች አሉ። ሰው ጨርሷል ይህ ልማድ። ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ አይዝም። የሚያሳዝነው ቁጠባው ራሱ ሐሰት መሆኑ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ፓምፑም ናፍጣ መላክ ያቆማል። አዲሱ ኤሌክትሮኒክሱም፣ በወጉ የተስተካከለው አሮጌው ሜካኒካል ፓምፕም ይህን ያደርጋሉ። በነጻ የተለቀቀ ሞተር ግን እንዳይጠፋ ሚኒሞ ላይ ናፍጣ እየጠጣ ይወርዳል። ማርሽ አስገብቶ የሚወርደው ነው የቆጠበው፤ በሰላም የደረሰውም እሱ ነው።

የቀረው ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ጎሚስታ ጋ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ማስለካት፣ ባዶ ፖርቶ መጋላ ተሸክሞ አለመዞር፣ ሩቅ አይቶ ቀድሞ እግር ማንሳት። ናፍጣ ውስጥ ላምባ መቀላቀል ግን ፈጽሞ ቁጠባ አይደለም። ላምባ በሊትር ያለው ጉልበት ያንሳል፤ ማለስለሻነቱም አነስተኛ ስለሆነ ፓምፑንና ኖዝሉን ይበላል።

ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን አናደርገውም? መልሱ በእኔ እምነት ያለው ውሉ ላይ ነው። በከተማው ታክሲ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት አሠራር ሾፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ እንዲያስገባ ነው። ናፍጣው ከሾፌሩ ኪስ ይወጣል፤ ጥገናው ከባለንብረቱ። ኖዝል ማስለወጥ የባለንብረቱን ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጥቅሙ ግን ለሾፌሩ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ «ትንሽ ትቆይ» ይላል፤ ሾፌሩም ነገ መኪናዋን ሊነጠቅ ስለሚችል በገዛ ገንዘቡ አያሠራም። በጭነት መኪና በኩል ደግሞ ለጉዞ የተቆረጠ ሊትር ይሰጣል። የተረፈው በሕጋዊ መንገድ ለሾፌሩ ጉርሻ ካልሆነ የመቆጠብ ምክንያቱ ወይ ይጠፋል ወይ ወደ ጀሪካን ይዞራል። ከቆጠበው ናፍጣ ግማሹን ሾፌሩ፣ ግማሹን ባለንብረቱ እንዲወስድ ውሉ ላይ ቢጻፍ ከምንም ስብከት የበለጠ ይሠራል።

መንግሥትም ቁጠባን የማበረታታት ዕድል አሳልፎታል። ለሕዝብ ማመላለሻ የተሰጠው ድጎማ በሊትር የሚታሰብ ነበር፤ ብዙ ሊትር ያቃጠለ ብዙ ተደጎመ። ከዚያው ገንዘብ ጥቂቱ ለኖዝልና ለፓምፕ ጥገና ቢውል ኖሮ መኪኖቹ ድጎማው ከተነሳ በኋላም በቀነሰ ናፍጣ ይሄዱ ነበር። አሁንም አልረፈደም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ቢከለከልም አሮጌዎቹ የናፍጣ መኪኖች ከመንገድ ገና አይወጡም። እነዚሁም ለቦሎ በየዓመቱ ለምርመራ ይቀርባሉ። የጭሱ መጠን በመሣሪያ ተለክቶ ለባለንብረቱ በወረቀት ቢሰጠው የባከነውን ገንዘቡን ያየዋል።

መኪና በሊትር ስንት እንደሚሄድ ለመለካት ታንከሩን ሞልቶ መነሳትና ሞልቶ መመለስ ያስፈልጋል ሲባል ሾፌሮች በቅንነት የሚመልሱልኝ «ሙሉ የሚሞላ ገንዘብ ማን አለው?» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ በአምስት መቶ፣ በሺህ ብር ነው የሚቀዳው። ባለፈው መገናኛ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ የአባዱላ ሾፌር አጠገብ ተቀምጬ ሌላ መንገድ ሞከርን። በሃያ ቀን ውስጥ ለማደያ በቴሌብር የከፈለውን ከስልኩ እያነበበ ነገረኝ፣ እኔ ደመርኩ፣ ድምሩን ለሊትሩ ዋጋ አካፈልን። የዳሽቦርዱን ኪሎ ሜትር በመጀመሪያው ቀን ረዳቱ ለዘይት ቅያሪ ብሎ ጽፎት ነበር። የሄደውን ኪሎ ሜትር ለሊትሩ ብናካፍለው 7 ነጥብ 6 ወጣ። ሾፌሩ ስልኬን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አሰላው። «ስንት መሆን ነበረበት?» አለኝ። ለዚህች መኪና ከ9 ማነስ አልነበረበትም አልኩት። ጥቂት ዝም አለና 7.6 የሚለውን ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፈ፤ ቀኑንም ጨመረበት።