የሙዘንበርግ ሻርክ ጠባቂዎች

ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን በስተደቡብ፣ ፎልስ ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ጫፍ ላይ ሙዘንበርግ አለ። ከአሸዋው ጀርባ ተራራው ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ወገቡን ቦይስ ድራይቭ የሚባለው መንገድ ይዞረዋል። እዚያ ከፍታ ላይ የውሃ ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር ያደረገ ሰው አቅርቦ ማሳያውን ይዞ ባሕሩን ሲቃኝ ይውላል። የሚፈልገው በነጣው አሸዋ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር ጥላ ነው። ጥላው የባሕር አረም፣ የዓሣ መንጋ ወይም የደመና ጥላ ሊሆን ስለሚችል ዓይኑ መሠልጠን አለበት። ሻርክ መሆኑን ሲለይ በእጅ ሬዲዮ ታች ላለው ባልደረባው ይነግረዋል። ወዲያው ሳይረን ይጮሃል፣ የሻርክ ምስል ያለበት ነጭ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሰውም ከውሃው ይወጣል።

ሥራው «ሻርክ ስፖተርስ» በሚል ስም የተጀመረው በ2004 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እህል የሚጠብቅ ገበሬ ማማ ላይ ሆኖ አውሬውን ያባርራል፤ እነዚህ ግን የሚያባርሩት ሰውን ነው። ባሕሩ ቤቱ ነውና ሻርኩ እንዳሻው ይሄዳል።

ሌሎቹን ባንዲራዎችም ማወቅ ያስፈልጋል። አረንጓዴ ሲሆን ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሻርክም አልታየም። ቀይ ከሆነ አደጋው ከፍ ብሏል፤ ለምሳሌ ሻርክ ቅድም ታይቶ አሁን ከዓይን ተሰውሯል ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም ሐቀኛው ጥቁሩ ነው፦ ደመና፣ ንፋስ ወይም ድፍርስ ውሃ ጠባቂውን ከልሎታል። ሻርክ አልታየም፤ ቢኖርም ላይታይ ይችላል። መግባት አለመግባቱ ለዋናተኛው ተትቷል።

በአቅራቢያው ባለው ፊሽ ሁክ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ መከለያ መረብ ይዘረጋል። ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ እንስሳ አይጠላለፍበትም። ጠዋት ይዘረጋል፣ ማታ ይሰበሰባል።

ከዚህ ፈጽሞ የሚለየው በሌላው የአገሪቱ ጠረፍ፣ በኩዋዙሉ ናታል ያለው መረብ ነው። ብዙ ሰው መረብ ሲባል አጥር ይመስለዋል። በዚያው ጠረፍ ያለችው የደርባን ከተማ መረብ ግን አጥር አይደለም፤ ሻርክ ከሥሩ፣ ከላዩም ሆነ በጎኑ ማለፍ ይችላል። ሥራው ሻርክ ማጥመድ ነው፤ ወደ ዳርቻው የሚመጣው ሻርክ ቁጥር ሲቀንስ አደጋውም ይቀንሳል ከሚል ስሌት የተነሳ። ከሻርኩ ጋር ዶልፊንና የባሕር ኤሊም ይያዛሉ። ነጭ ሻርክን በ1991 ከዓለም ቀድማ በሕግ የጠበቀችው ደቡብ አፍሪካ በሌላ እጇ መረብ ትዘረጋለች።

ይሁንና ደርባንን ከመውቀስ በፊት ታሪኳን ማየት ተገቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ መረቦች እዚያ የተተከሉት በ1952 ሲሆን፣ በ1957 መጨረሻና በ1958 መጀመሪያ ከደርባን በስተደቡብ ባሉት የመዝናኛ ዳርቻዎች ሻርክ በተከታታይ ሰው ገደለ። እረፍት ለማሳለፍ የመጣው ሰው ሻንጣውን ይዞ ሸሸ። መንግሥት የጦር መርከብ ልኮ ባሕሩ ውስጥ ፈንጂ አስጣለ። የሞቱት ሻርኮች ጥቂት ነበሩ፤ በፍንዳታው ያለቀው ዓሣ ግን ሌሎች ሻርኮችን ጠራ። ከዚያ በኋላ ነው መረቡ በሌሎቹ ዳርቻዎችም የተስፋፋው።

ታዲያ ጠባቂዎቹን ወደዚያ ማዛወር አይቻልም? ብዙ ቦታ አይቻልም። የሙዘንበርግ ዘዴ ያለ ተራራና ያለ ጥርት ያለ ውሃ አይሠራም። የደርባን ዳርቻ ዝቅ ያለ ነው፤ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ባሕሩን ስለሚያደፈርሰው ጥቁሩ ባንዲራ ሳይወርድ ሊከርም ይችላል። ስለዚህ እዚያ የተመረጠው ጉዳቱን መቀነስ ነው። ከ2007 ጀምሮ ከመረቡ ከፊሉ ተነስቶ በምትኩ ምግብ የተሰካበት መንጠቆ ተንሳፋፊ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መንጠቆው ከመረቡ ይልቅ ዶልፊንና ኤሊን ያተርፋል። በሰኔና በሐምሌ የሰርዲን መንጋ በጠረፉ ሲያልፍ ደግሞ ተከትለውት የሚመጡት እንስሳት በጅምላ እንዳያልቁ መረቦቹ ከውሃው ይነሳሉ።