የማይደገም ዳታ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ልኬት እንዴት ይሰበሰባል? እንዴትስ ይቀመጣል?

አብዛኛው የምንሠራበት ዳታ ቢጠፋ በሆነ መንገድ ይተካል። የሰርቨር ሎግ ነገም ይጻፋል፤ የተበላሸ ፎርም ደንበኛው እንደገና ይሞላዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን አንዴ ሆኖ ያልፋል። በዚያች ደቂቃ መሣሪያው ካልሠራ፣ ሰዓቱ ከተዛባ፣ ወይም ፋይሉ ምን እንደሆነ የሚናገር መረጃ አብሮት ካልተቀመጠ ማንም መልሶ አያመጣውም።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የቆየው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ውጭ የምንኖር ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ነበርን። እኔ ደግሞ እንደ ሶፍትዌር ባለሙያ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፦ ይህ ሁሉ ንዝረት ተለክቶ የት ይገባል? መልሱን ስከታተል ያገኘሁት አሠራር ለማንኛውም ፕሮግራመር ትምህርት ይሆናል።

ለምን ይሰበሰባል?

ሕንፃ ለሚነድፍ መሐንዲስ «6.0 ሆኖ ተመዘገበ» የሚለው ቁጥር ብቻውን አይበቃውም። እሱ የሚፈልገው መሬቱ በየሰከንዱ ወደየት፣ በምን ያህል ኃይል እንደተንቀሳቀሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በካሊፎርኒያ ኤል ሴንትሮ የተመዘገበው ንዝረት ከመሬት ስበት አንድ ሦስተኛ ገደማ ደርሶ ነበር። ያ አንድ መዝገብ ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ የሕንፃ መፈተኛ ሆኖ አገልግሏል። ጃፓን ከ1995ቱ የኮቤ አደጋ በኋላ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጣቢያዎችን በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ተክላ «ኬኔት» የተባለውን መረብ ዘረጋች፤ ዳታውንም ለሕዝብ ክፍት አደረገች። በአሜሪካ የተዘጋጀው «ኤንጂኤ ዌስት 2» የተባለው ስብስብ ደግሞ ከ599 የመሬት መንቀጥቀጦች የተገኙ 21,336 መዝገቦችን ይዟል።

የራሱ መዝገብ የሌለው አካባቢ ከሌላ ቦታ ይዋሳል። ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ ካሊፎርኒያ አይደለም። ንዝረቱ በርቀት እየደከመ የሚሄድበት መንገድም፣ ከሕንፃው ሥር ያለው አፈርም ይለያያል። ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሐዋሳ ለሚነሡት ፎቆች ከአገር ውስጥ የተገኘ አንድ የተሟላ መዝገብ ትልቅ ዋጋ አለው።

ይህ ሥራ በአገራችን አዲስ አይደለም። ፒየር ጉዌን የተባሉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን መሥርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበዋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ አጠገብ ያለው የፉሪ ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አባል ነው።

ከመሬት ወደ ቁጥር

መሣሪያዎቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ሳይስሞሜትር በጣም ስሜታዊ ስለሆነ ከሌላ አህጉር የመጣ ንዝረትም ይሰማዋል፤ ቅርብና ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። አክስለሮሜትር ደካማውን ባይሰማም ኃይለኛውን ሳይቆርጥ ይመዘግባል። የስልካችሁን ስክሪን የሚያዞረው ትንሽ ቺፕ የእሱ ዘመድ ነው።

የድሮ አክስለሮሜትሮች በፊልም ላይ መቅዳት የሚጀምሩት ንዝረቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ይጠፉ ነበር። ዲጂታሎቹ ችግሩን በሪንግ በፈር ፈቱት። መሣሪያው ሁልጊዜ ይቀዳል፣ አሮጌውን በአዲስ ይተካል፤ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ከዚያ በፊት የነበሩትንም ሰከንዶች ያስቀራል። ብዙ ጣቢያዎች ደግሞ ዛሬ ምንም ሳይጥሉ ሁሉንም ይልካሉ።

ሒሳቡን እንሥራው። በሦስት አቅጣጫ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ከተለካ በቀን 25,920,000 ልኬት ነው። እያንዳንዱ 4 ባይት ቢይዝ በቀን 104 ሜጋባይት፣ በዓመት 38 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ያውም ከአንድ ጣቢያ።

«ሚኒሲድ» የተባለው የፋይል ዓይነት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በውስጡ በብዛት የሚሠራበት «ስታይም» የተባለው መጭመቂያ ሐሳቡ ቀላል ነው። ልኬቶቹ 5012፣ 5015፣ 5013፣ 5010 ቢሆኑ የመጀመሪያውን ጽፎ ለቀሪዎቹ ልዩነቱን ብቻ ይይዛል፦ 3፣ ከዜሮ በታች 2፣ ከዜሮ በታች 3። እነዚህ እያንዳንዳቸው በአንድ ባይት ይገባሉ። የመጨረሻው ልኬትም ሙሉውን ስለሚጻፍ፣ ስትፈቱት መጨረሻ ላይ ያ ቁጥር ካልመጣ ዳታው መበላሸቱን ታውቃላችሁ። ቦታ ቆጠበ፣ ምንም አልጣለም፣ ራሱንም ፈተሸ።

ኔትወርክ ሲቋረጥስ? «ሲድሊንክ» የተባለው ፕሮቶኮል ለእያንዳንዱ ፓኬት ተራ ቁጥር ይሰጣል። መስመሩ ሲመለስ ተቀባዩ «እስከዚህ ደርሶኛል፣ ቀጣዩን ላክ» ይላል፤ ያልደረሰው ፓኬት ከላኪው በፈር እስካልጠፋ ድረስ ይመጣለታል።

ቁጥር ብቻውን መዝገብ አይደለም

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ፋይሉን ከፍታችሁ 250,000 የሚል ቁጥር አገኛችሁ እንበል። ይህ ሜትር በሰከንድ አይደለም፤ መሣሪያው ያወጣው ጥሬ ቁጥር ነው። አንዱ መሣሪያ ለትልቅ ንዝረት የሚሰጠውን ቁጥር ሌላው ለትንሽ ሊሰጥ ይችላል። ወደ እውነተኛ መለኪያ የሚቀይረው ሜታዳታው ነው፦ የመሣሪያው ዓይነት፣ የማጉያው መጠን፣ የቦታው አቀማመጥ፣ ሴንሰሩ ወደየት እንደዞረ። «ስቴሽን ኤክስኤምኤል» በተባለው ፎርማት እያንዳንዱ መረጃ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ በቀን ይታሰራል። ማክሰኞ ዕለት ሴንሰሩ ቢቀየር የሰኞው ዳታ በሰኞው፣ የረቡዑ በረቡዑ መረጃ ይነበባል። አሮጌው አይሰረዝም።

ሰዓትም እንዲሁ። የመጀመሪያው ሞገድ በምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የአንድ ሰከንድ የሰዓት ስሕተት በርቀት ስሌት ላይ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛባል። ጣቢያዎች ሰዓታቸውን ከጂፒኤስ የሚወስዱት ለዚህ ነው።

ሌላው ሕግ ጥሬው ዳታ አይነካም የሚል ነው። ማጣራትና ማስተካከል የሚደረገው በተለየ ፋይል ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የተሻለ ዘዴ የሚያመጣ ተመራማሪ ከጥሬው እንደገና መጀመር አለበት።

ራሳችሁ ሞክሩት

በፓይተን «ኦብስፓይ» የተባለውን ነፃ ላይብረሪ ጫኑ። ማኅደሮቹ በዓለም አቀፍ ስምምነት አንድ ዓይነት የጥያቄ አቀራረብ ስላላቸው ለአንዱ የጻፋችሁት ኮድ ለሌላውም ይሠራል። የምትሰጡት አራት መለያና ጊዜ ነው፦ መረቡ «አይዩ»፣ ጣቢያው «ፉሪ»፣ ቦታው 00፣ ቻነሉ «ቢኤችዜድ»። የመጨረሻው ፊደል ዜድ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን እንቅስቃሴ ያመለክታል። ሜታዳታውንም በዚያው ጥያቄ ጠይቁ፤ ያለ እሱ የምታዩት ሥዕል ቅርጽ እንጂ መጠን የለውም።

ለእኛ ለሐበሾች አንድ ወጥመድ አለ። የካቲት 7 ቀን 2017 የደረሰው 6.0 መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር። በማኅደሩ ግን ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025፣ ሰዓቱም በዩቲሲ 20:30 ገደማ ነው። አቆጣጠሩም፣ ሰዓት አቆጣጠራችንም፣ የሦስት ሰዓቱ ልዩነትም በአንድ ላይ ስለሚመጡ ከጥያቄው በፊት ቀይሩት። ባዶ መልስ ካገኛችሁ በመጀመሪያ የምትፈትሹት እሱን ይሁን።

ከዚህ በላይ መሄድ ለሚሻ በራስበሪ ፓይ ላይ የሚሠራው «ራስበሪ ሼክ» የተባለው ትንሽ መለኪያ አለ፤ ቤት ውስጥ ተተክሎ ዳታውን ለሕዝብ መረብ ያካፍላል። አገር ቤት ላለ ትምህርት ቤት ወይም ዘመድ መላክ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመሣሪያው ጋር አንድ ደብተርም ላኩ፦ መቼ ተተከለ፣ የትኛው ፎቅ ላይ፣ ቀስቱ ወደየት ዞረ፣ መቼ ተነቀለ። ዳታውን ማኅደር የሚያደርገው ያ ደብተር ነው።