ኮምፒዩተር «ቢሆን» የሚለውን ቃል የሚፈርድበት መንገድ

እርስዎ የቀን ሥራዎን ፈጽመው ወደ ቤትዎ ከገቡ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ገና ሥራ ላይ ይሆናል። የዕለቱን መዝገብ ወደ ሌላ ስፍራ ይገለብጣል፤ ጊዜው ያለፈበትን ያስወግዳል። ይህንንም የሚያደርገው ባለሙያው አስቀድሞ ጽፎ ባስቀመጠለት የትእዛዝ ጽሑፍ መሠረት ነው። በጽሑፉም ውስጥ «እንዲህ ቢሆን ይህን አድርግ፤ ባይሆን ተወው» የሚል ቃል ይገኛል። ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን ፍርዱ ሲሳሳት የሚጠፋው መዝገብ የእርስዎ ነው።

ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ክፍል ሼል ይባላል። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ከጀመሩት ዩኒክስ ከተባለው ሥርዓት ነው። ዛሬ በብዙ የሊኑክስ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ባሽ የተባለው ሼል በ1989 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፤ የጻፈውም ብራያን ፎክስ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሼል እውነትንና ሐሰትን አይመረምርም፤ የሚጠይቀው የላከው ተላላኪ ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ብቻ ነው። ማናቸውም ትእዛዝ ሥራውን ሲጨርስ ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያስረክባል። 0 ከሆነ «ተፈጽሟል» ማለት ነው፤ ከ0 ሌላ የሆነው ሁሉ «አልተፈጸመም» ማለት ነው። ሲ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ አስቀድሞ የተማረ ሰው በዚያ 0 ሐሰት ስለ ሆነ እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ምክንያቱ ግን የሚገባ ነው፤ መፈጸም አንድ ዓይነት ሲሆን አለመፈጸም ብዙ ዓይነት አለው። 127 «የተባለው ትእዛዝ አልተገኘም»፤ 126 ደግሞ «ተገኝቷል፤ ነገር ግን ሊሠራ አልቻለም» ማለት ነው።

ጥፋቱም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ግሬፕ የሚባል ቃል ፈላጊ ትእዛዝ አለ። የፈለገውን ሲያገኝ 0፤ ፈልጎ ሲያጣ 1፤ መዝገቡን ጭራሽ ሊከፍተው ሲያቅተው 2 ይመልሳል። ወደ መዝገብ ቤት የላኩት ተላላኪ «ፋይሉ የለም» ቢልዎና «መዝገብ ቤቱ ተቆልፏል» ቢልዎ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አይቀበሏቸውም። «ቢሆን» ግን ሁለቱንም «አልሆነም» ብሎ በአንድነት ይቀበላቸዋል።

አሁን አንድ የደመወዝ ጽሑፍ «የሠራተኛው ስም ከተሰናበቱት ዝርዝር ውስጥ ባይገኝ ክፈል» ይላል እንበል። አንድ ሌሊት ያ ዝርዝር ከቦታው ቢጠፋ ግሬፕ 2 ይመልሳል፤ «ባይሆን» የሚለው ምልክትም አለመፈጸሙን ወደ መፈጸም ይገለብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የተሰናበተውም ያልተሰናበተውም ደመወዙን ይቀበላል። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አልሠራም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ግን ቁጥሩን አስቀድሞ ይይዝና 0 ከሆነ አይከፍልም፤ 1 ከሆነ ይከፍላል፤ ከሁለቱ ሌላ ከሆነ ሥራውን አቁሞ ሰው ይጠራል።

ሁለተኛው አደጋ የማዕዘን ቅንፉ ነው። ብዙ ሰው [ የሚለውን ምልክት እንደ ሥርዓተ ነጥብ ይቆጥረዋል፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው፤ ሌላው ስሙም ቴስት ይባላል። ከኋላው ክፍት ቦታ ካልተተወለት የሚያኮርፈው ስለዚህ ነው። ትእዛዝ እንደ መሆኑም ቃላቱ የሚደርሱት ሼል በስሞቹ ምትክ ይዘታቸውን ከተካ በኋላ ነው። ስሙ ባዶ ከሆነና በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ ከመንገድ ላይ ይጠፋል። «ይህ ስም ይዘት አለውን?» ተብሎ ሲጠየቅ ቅንፉ ዘንድ የሚደርሰው የጥያቄው ምልክት ብቻ ይሆናል፤ ቅንፉም ምልክቱን እንደ ይዘት ቆጥሮ «አዎን፤ አለው» ይላል። ባዶነትን ለመከላከል የቆመ ዘበኛ ባዶውን ራሱን ያሳልፋል ማለት ነው። በባሽ ውስጥ ድርብ የሆነው ቅንፍ ከዚህ ጉድለት ነጻ ነው።

ባዶ ስም ምን እንደሚያደርስ በኤውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ 2015 ዓ.ም. ታይቷል። የቫልቭ ኩባንያ ስቲም የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ የራሱን ማኅደር የሚያጸዳ መስመር ነበረው። የማኅደሩን አድራሻ የሚይዘው ስም ባዶ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ትእዛዙ ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ሁሉን ደምስስ የሚል ሆነ፤ ተጠቃሚው ሊሰርዝ ሥልጣን የነበረውም ፋይል ጠፋ። በዚያ መስመር ላይ ትእምርተ ጥቅሱ አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው አድራሻው ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ፈተና ነው። የሚገርመው፤ ጸሐፊው ከመስመሩ በላይ «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ አኑሮ ነበር።

ስለዚህ ለክፍልዎ የተጻፈ የትእዛዝ ጽሑፍ ሲረከቡ፤ ባለሙያው በሙከራ መኪና ላይ የሚፈለገውን ዝርዝር ከቦታው አንሥቶ፤ ስሞቹንም ባዶ አድርጎ በፊትዎ እንዲያስኬደው ይጠይቁት። ጽሑፉ ቆሞ ምክንያቱን ካልተናገረ አይፈርሙለት።