እየተመላለሰ የሚከሰት የአፍ ቁስለት፦ ባህላዊ ሕክምናው እስከ ምን ድረስ ይረዳል?

በመተማና በአካባቢው ቆላማ ወረዳዎች የሰሊጥና የማሽላ ሥራ በሚበረታበት ወቅት በርካታ ዜጎች ከጤና ተቋም ርቀው በእርሻ ካምፖች ይሰነብታሉ። በዚያ አፉ የቆሰለ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ባህላዊ መድኃኒትን ነው። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ቁስለቱን መለየት ይገባል።

በከንፈር ዳር ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውና ኅብረተሰቡ «ምች» የሚለው ቁስል ብዙውን ጊዜ ኸርፒስ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ በንክኪ ይተላለፋል። ዳማከሴ የሚጨመቀውም ለዚሁ ነው። በጉንጭ ውስጥ ወይም በምላስ ላይ መሐሉ ነጣ፣ ዙሪያው ቀላ ብሎ የሚወጣው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀናት ውስጥ በራሱ ይድናል። በራሱ የሚድን ቁስል ደግሞ ለተወሰደው መድኃኒት ሁሉ ምስጋና ማሰጠቱ አይቀርም። እየተመላለሰ ካስቸገረ የብረት፣ የፎሊክ አሲድ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊኖር ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

እስኪድን ድረስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙቶ መጉመጥመጥ፣ ከሚጥሚጣም መታቀብ ሕመሙን ያስታግሳል። በአረቄ መጉመጥመጥ ግን ቁስሉን ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም። አዩርቬዳ በተባለው የህንድ ጥንታዊ ሕክምና እርድና ማር ቁስሉ ላይ ይቀባሉ፤ ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። የበለጠ የሚያሳስበው በእንክብልና በዱቄት መልክ የሚሸጠው ነው። በአንዳንድ የአዩርቬዳ ምርቶች ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪና አርሰኒክ በምርመራ ተገኝተዋል። ስለሆነም የአምራቹ ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈበትን መድኃኒት ከገበያ አይግዙ።

ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ፣ በተለይም የጠጠረና የማያም ቁስል የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። በሱዳን የሚዘወተረውን ቱምባክ በከንፈራቸው ሥር የሚይዙ ሰዎች ይህን ቸል ሊሉት አይገባም። ከቁስለቱ ጋር ከ2 ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና በግራ ጎን በኩል የሆድ ማበጥ ካለ በአካባቢው የሚገኘው ካላዛር ሊጠረጠር ይገባል፤ ይህ በሽታ ካልታከመ ይገድላል። የካላዛር ሕክምና በመንግሥት ሕክምና ማዕከላት ያለ ክፍያ ይሰጣል። የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲሁ።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የወሰዱትን ማንኛውንም መድኃኒት፣ ቅጠልም ቢሆን፣ ይዘው ይቅረቡ፤ ለባለሙያው ከመናገርም አይፈሩ።