ሰማይ ላይ ቅድሚያ የማን ነው?

መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት አለ፣ ትራፊክ ፖሊስ አለ። አውሮፕላኖችንም በሬዲዮ እያናገሩ የሚመሩ ባለሙያዎች አሉ። ድሮን ውስጥ ግን የሚያናግሩት አብራሪ የለም። ታዲያ ድሮኖች ሲበዙ ሳይጋጩ እንዴት ይበራሉ?

ብዙ ሐበሾች የሚኖሩባትን የአሜሪካዋን ዳላስ እንይ። እዚያ ዊንግ እና ዚፕላይን የተባሉ ኩባንያዎች ዕቃ በድሮን ያደርሳሉ። የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በሐምሌ 2016 ዓ.ም ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ሰማይ ላይ፣ ድሮኖቹ ከተቆጣጣሪው ዓይን ርቀውም ቢሆን እንዲበሩ ፈቀደ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድሮኑ ከመነሳቱ በፊት የአንዱ ኩባንያ ኮምፒውተር በየት መስመር፣ በምን ከፍታ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚበር ለሌላው ያሳውቃል። መስመሩ ቀድሞ ከተያዘ ሁለተኛው መንገድ ይቀይራል ወይም ይጠብቃል። የአውቶቡስ ትኬት በስልክ ስንቆርጥ የተያዘ ወንበር መምረጥ እንደማንችለው ማለት ነው።

ግን ይሄ የሚሠራው ሁሉም ዕቅዱን ሲናገር ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢያስነሳስ?

ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም ሎስ አንጀለስ በሰደድ እሳት እየነደደች ነበር። በአካባቢው ድሮን ማብረር ተከልክሏል። አንድ ግለሰብ ግን ቃጠሎውን ለማየት ብሎ ድሮኑን አስነሳ። ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከዓይኑ ተሰወረበት። ድሮኑ ከካናዳ ለእርዳታ ከመጣ፣ እሳት ላይ ውኃ ከሚደፋ አውሮፕላን ክንፍ ጋር ተላተመና ቀደደው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ደግነቱ በሰላም አረፉ። አውሮፕላኑ ግን እሳቱ ገና ሳይጠፋ ለቀናት ቆመ።

አሜሪካ ውስጥ ከመጋቢት 2016 ዓ.ም ጀምሮ፣ መመዝገብ ያለባቸው ድሮኖች እየበረሩ መለያቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ ማሳወቅ አለባቸው። እንደ መኪና ታርጋ በሉት። ታርጋ ግን ጥፋተኛውን ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ ግጭቱን አያስቆምም።

ስለዚህ እዚያ ሆናችሁ ድሮን የምታበሩ ተከታታዮቻችን፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ቦታው የተከለከለ መሆን አለመሆኑን በስልካችሁ አጣሩ። ድሮናችሁ ከዓይናችሁ እንዳይርቅ። ሰው የጫነ አውሮፕላን ወይም ሄሊኮፕተር ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አውርዱት። በሕጉም ቅድሚያው የእሱ ነው።