የፒካፕ ፍሬን ሸራ እኩል የማያልቀው ለምንድን ነው?

ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ተሽከርካሪ ድልድዩ እስኪደርስ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነጭነቱ 2 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒካፕ 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በከባድ ማርሽ የሚወርድ አሽከርካሪ የዚህን ኃይል ከፊል በሞተሩ ያስይዛል፤ ቀሪው የሚያርፈው ግን በፍሬኑ ላይ ነው። አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው ገና አዲስ መስሎ ከተገኘ ይህ ከባድ ሸክም በእኩል አልተከፋፈለም ማለት ነው።

ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ፒካፖች በአብዛኛው ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ደግሞ ታምቡር ፍሬን ያላቸው ናቸው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ግፊት በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ በዚህም ከዲስኩ በሁለቱም ወገን የተቀመጡት ሸራዎች ዲስኩን አጣብቀው ይይዙታል። ሸራዎቹ እኩል ሳያልቁ ሲቀሩ ብዙ ባለንብረቶች ሸራውን ብቻ አስቀይረው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ይሁንና ያለቀው ሸራ የብልሽቱ ምስክር እንጂ ምንጩ ባለመሆኑ፣ አዲሱም ብዙም ሳይቆይ በዚያው መልክ ያልቃል።

ምርመራው የሚጀመረው የአንዱን ጎማ ሁለት ሸራዎች ጎን ለጎን በማስተያየት ነው። ካሊፐሩ በፒኖች ላይ የሚንሸራተት ከሆነና የውስጠኛው ሸራ ይበልጥ ካለቀ፣ ፒኖቹ ደርቀው ካሊፐሩ መንሸራተት አቅቶታል፤ አለበለዚያም ፒስተኑ ከተገፋ በኋላ በአግባቡ አይመለስም። የውጪው ይበልጥ ያለቀ እንደሆነ ጥርጣሬው በዋናነት በፒኖቹ ላይ ያርፋል። አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አንደኛው ፒን ተጣብቋል፤ ወይም ሸራው የሚቀመጥበት ቦታ በዝገት ተይዟል። በአንዳንድ በአራቱም ጎማ የሚነዱ ፒካፖች ላይ ካሊፐሩ የማይንቀሳቀስና በሁለቱም ወገን ፒስተኖች ያሉት በመሆኑ፣ ምርመራው በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ ሊደረግ ይገባል።

የግራና የቀኝ ጎማ ሸራዎች ሲለያዩ ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል። ሸራው ባለቀበት ወገን ያለው ጎማ ያለ ልክ የሚግልና ተሽከርካሪው ፔዳሉ ሳይረገጥም ወደዚያው የሚስብ ከሆነ፣ የዚያ ወገን ፍሬን ይዞ ቀርቷል። ተሽከርካሪው የሚስበው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ከሆነና ሸራው ወፍራም የሆነበት ወገን ከቀዘቀዘ ግን ብልሽቱ ያለው በወፍራሙ ወገን ነው። ያኛው ፒስተን ሥራውን ስላቆመ የሁለቱንም ድርሻ የተሸከመው ያለቀው ሸራ ነው። ይህን ሳያጣሩ ያለቀውን ወገን ብቻ መጠገን ጤነኛውን አክሞ በሽተኛውን እንደ መተው ይቆጠራል።

ይዞ የቀረውን ፍሬን መንስኤ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ተሽከርካሪው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ታኮ ተደርጎና ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ ድጋፍ ገብቶለት ጎማው ከመሬት ይነሳል። ፔዳሉ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ ጎማው በእጅ አልዞር ካለ የካሊፐሩ የአየር ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ይከፈታል። ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ ግፊቱ በመስመሩ ውስጥ ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ለዚህም ዋነኛው ተጠርጣሪ ውስጡ አብጦ የተዘጋ የቆየ ተጣጣፊ የፍሬን ቱቦ ነው። ጎማው አሁንም ካልዞረ ችግሩ በፒስተኑ ወይም በፒኖቹ ላይ ይገኛል። ከዚህ በኋላ አየሩን ማስወጣትና ዘይቱን መሙላት የግድ ነው።

የፊት ሸራዎች በሁለቱም ወገን ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ከሆነ ደግሞ ዓይንን ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ታምቡር ውስጥ ያሉት ሸራዎች ካልተስተካከሉ ወይም ዘይት ከነካቸው የፊቱ ፍሬን ብቻውን ይለፋል። በብዙ ፒካፖች ላይ የኋላውን ግፊት እንደ ጭነቱ መጠን የሚወስን ቫልቭ አለ። ብዙ ለመጫን ሲባል ባሌስትራ ከተጨመረና የተሽከርካሪው ኋላ ከፍ ካለ፣ ቫልቩ የተጫነውን ፒካፕ እንደ ባዶ በመቁጠር የኋላውን ግፊት ይቀንሳል።

የብዙዎቹ ብልሽቶች ሥር እርጥበትና አቧራ ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ከጊዜ ብዛት ፒስተኑን ያዝገዋል፤ የሚፈላበትም ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት ገና ሲከፈት ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ መመዘኛው ያስገድዳል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወለል ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። በመሆኑም ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ፣ የተቀደዱ የአቧራ መከላከያ ጎማዎችን መተካት፣ ፒኖቹን ሙቀት በሚችልና ጎማ በማይጎዳ ግሪስ መቀባት ይመከራል። የሞተር ዘይትም ሆነ ቤንዚን ጎማዎቹን ስለሚያሳብጥ ፈጽሞ መነካካት የለበትም።

ሸራ ሲቀየር የአንድ አክስል ግራና ቀኝ በአንድነት ሊቀየር ይገባል። ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የተጠጋ ሸራ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት መቀየር ያለበት ሲሆን፣ ለምን ከሌሎቹ ቀድሞ እንዳለቀ ሳይታወቅ ግን ጥገናው ተጠናቀቀ ሊባል አይችልም።