የጥፍር ንጽህናና ጥንቃቄ የተሞላበት አቆራረጥ

ጥፍር የጣትን ጫፍ ከጉዳት የሚጠብቅ፣ ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ የሰውነት ክፍል ነው። የእጅ ጥፍር በአማካይ በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚያድግ ሲሆን፣ የእግር ጥፍር ዕድገት የዚህ ግማሽ ያህል ነው። በመሆኑም ጥፍርን መቁረጥ ዕድሜ ልክ የሚደጋገም ተግባር ነው።

ጥፍር በሁለት መንገድ የበሽታ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሳይቆረጥ ሲቀር ከሥሩ በሚጠራቀመው ቆሻሻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሚቆረጥበት ጊዜ በሚፈጠረው ቁስለትና ንጹሕ ባልሆነ መቁረጫ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙም ልብ አይለውም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለመከላከል የሚረዱ መረጃዎችን ይዟል።

ከጥፍር ሥር የሚጠራቀም ቆሻሻ

በሀገራችን ምግብ በአብዛኛው የሚበላው በእጅ ነው። እንጀራ የሚቆርሰው፣ ሊጥ የሚያቦካውና ጉርሻ የሚያጎርሰው ጣት ጥፍሩ ያደገና የቆሸሸ ከሆነ፣ በሥሩ የያዘውን ቆሻሻ ወደ ምግብ ያስተላልፋል። የወስፋት ዕንቁላል በዓይን የማይታይ ሲሆን፣ በሰገራ ከተበከለ አፈር ጋር ከጥፍር ሥር ገብቶ ወደ አፍ ሊደርስ ይችላል። የተቅማጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም በተመሳሳይ መንገድ ይተላለፋሉ።

በተለይ በሕፃናት ላይ የሚታይ አንድ ጥቃቅን የአንጀት ትል ሌሊት በፊንጢጣ ዙሪያ ዕንቁላሉን ይጥላል። ሕፃኑ ሲያሳክከው ያካል፤ ዕንቁላሉም ከጥፍሩ ሥር ይገባል፤ ጣቱን ወደ አፉ ሲወስድ እንደገና ይያዛል። በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የአንጀት ትላትል መድኃኒት በአንጀት ውስጥ ያሉትን ትሎች ያስወግዳል እንጂ ዳግም መያዝን አይከላከልም። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰደ ልጅ ጥፍሩ አጥሮ መቆረጥና እጁን በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል።

እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ማሸት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ረጅም ጥፍር ሲኖር ሳሙናው ከሥሩ በሚገባ ስለማይደርስ፣ ለንጽህና አስተማማኙ መንገድ ጥፍርን አሳጥሮ መያዝ ነው። ይህ በምግብ ዝግጅት ሥራ ለተሰማሩና ሕሙማንን ለሚያስታምሙ ሰዎች ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

የእጅና የእግር ጥፍር አቆራረጥ

ጥፍርን ገላ ከታጠቡ በኋላ ወይም እጅና እግርን ለጥቂት ደቂቃዎች ለብ ባለ ውኃ ከዘፈዘፉ በኋላ መቁረጥ ይመረጣል። ጥፍሩ ስለሚለሰልስ አይሰነጠቅም። የእጅ ጥፍርን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የእግር ጥፍርን ደግሞ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ መቁረጥ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው።

የእጅ ጥፍር የጣቱን ጫፍ ቅርጽ ተከትሎ፣ ነጩ ክፍል በትንሹ እንዲቀር ተደርጎ ይቆረጣል። የእግር ጥፍር ግን በቀጥታ መስመር መቆረጥ አለበት። የእግር ጥፍር ማዕዘን ጠልቆ ሲቆረጥ፣ በተለይም የአውራ ጣት ጥፍር፣ እንደገና ሲያድግ ወደ ጎን ሥጋው ሊገባ ይችላል። ጠባብ ጫማ ሲጨመርበት ጣቱ ያብጣል፤ ይመግላል፤ አንዳንዴም ጥፍሩን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ያስፈልጋል።

በጥፍር ሥር የሚገኘው ስስ ቆዳ ተሕዋስያን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ የሚከላከል በመሆኑ መቆረጥ የለበትም። በጥፍር ዙሪያ የተላጠ ቆዳም በጥርስ ወይም በእጅ ሊጎተት አይገባም፤ በንጹሕ መቁረጫ ብቻ ይቆረጣል። ጥፍርን በጥርስ መንከስ ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ አፍ ከማስገባቱም በላይ ጣትን ያቆስላል።

መቁረጫን በጋራ መጠቀም የሚያስከትለው አደጋ

በበርካታ ቤቶች አንድ ምላጭ ወይም አንድ ጥፍር መቁረጫ መላው ቤተሰብ ይጠቀምበታል። መቁረጫው ትንሽ ቁስል ሲፈጥር፣ በዓይን የማይታይ የደም ቅሪት ሊይዝ ይችላል። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመቆየት አቅም አለው። ለሕፃናት በሚሰጠው መደበኛ ክትባት ይህን በሽታ መከላከል ይቻላል፤ ሆኖም ክትባቱ ከመጀመሩ በፊት የተወለዱ በርካታ አዋቂዎች አልተከተቡም። በጋራ በሚያገለግል ስለታም ነገር ሄፓታይተስ ሲ እና ኤች አይ ቪም ሊተላለፉ ይችላሉ።

ስለሆነም እያንዳንዱ ሰው የራሱ መቁረጫ ሊኖረው ይገባል። ይህ ካልተቻለ፣ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ መቁረጫ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ ለ20 ደቂቃ በፈላ ውኃ ከተቀቀለ በኋላ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ምላጭ ግን ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይገባም። ያገለገለ ምላጭ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ተደርጎ ቢወገድ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሰዎችን ከጉዳት ያድናል።

ሌላ ሰው በተጠቀመበት ስለታም ነገር የተቆረጠ ሰው ቁስሉን ሳይጨምቅ በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ባለሙያው አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነበት፣ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል።

በውበት ሳሎን አገልግሎት የሚያገኙ ሰዎችም መሣሪያው ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ እንዴት እንደሚጸዳ የመጠየቅ መብት አላቸው። የራስን መቁረጫ ይዞ መሄድ ደግሞ የተሻለ ጥንቃቄ ነው።

የሕፃናት ጥፍር

የጨቅላ ሕፃን ጥፍር ለስላሳ ቢሆንም በፍጥነት ያድጋል፤ የራሱንም ፊት ሊቧጥጥ ይችላል። አንዳንድ እናቶች በመቀስ ላለማቁሰል ሲሉ በጥርሳቸው ይቆርጡለታል። ይህ ልማድ በአፍ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያንን ወደ ሕፃኑ ጣት ስለሚያስተላልፍ አይመከርም። ሕፃኑ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ የጣቱን ሥጋ ወደ ታች ጫን አድርጎ በሕፃናት ጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ይቻላል።

የስኳር ሕመም ያለባቸውና እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች

የስኳር ሕመም በጊዜ ሂደት የእግርን ስሜትና የደም ዝውውር ሊቀንስ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጥፍሩን ሲቆርጥ ቢቆስል ሕመሙ አይሰማውም፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ትንሽ የምትመስል ቁስል ተባብሳ እግርን እስከ ማስቆረጥ ልትደርስ ትችላለች። በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግራቸው ስሜት የቀነሰ ሰዎችም ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣሉ።

እነዚህ ሰዎች እግራቸውን በየቀኑ መመልከት፣ በጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ ማድረቅና ባዶ እግራቸውን አለመሄድ ይጠበቅባቸዋል። ምላጭ ፈጽሞ መጠቀም የለባቸውም። ዓይናቸው በሚገባ የማያይ ወይም እግራቸው የደነዘዘ ከሆነ፣ ጥፍራቸውን የቤተሰብ አባል ወይም የጤና ባለሙያ ቢቆርጥላቸው ይመረጣል። ለክትትል ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ እግራቸው እንዲታይላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መታየት ያስፈልጋል፦

• በጥፍር ዙሪያ እብጠት፣ መቅላት፣ የሚመታ ሕመም ወይም መግል ሲኖር፤
• ጥፍር ወደ ሥጋ ሲገባ፤
• ጥፍር ሲወፍር፣ ቢጫ ሲሆንና ሲፈረፈር፤ ይህ የፈንገስ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ወራት ስለሚወስድ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም፤
• ጥፍር እንደ ማንኪያ ሲጎደጉድ፤ ይህ የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል፤
• በአንድ ጥፍር ላይ አዲስ ጥቁር መስመር ወጥቶ እየሰፋ ሲሄድ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መታየቱ የተለመደና በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ እየሰፋ የሚሄድ መስመር የቆዳ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ለቀዶ ሕክምና የሚሄድ ሰው የጥፍር ቀለሙን አስቀድሞ ማስለቀቅ ይኖርበታል። ጥፍሩ በእንሶስላ ወይም በሂና የቀለመ ከሆነ ደግሞ ለባለሙያው መንገር አለበት። ቀለም የጥፍርን ተፈጥሯዊ መልክ ስለሚሸፍን፣ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ውጤትም ሊያዛባ ይችላል።

በአጠቃላይ አጥሮ የተቆረጠ የእጅ ጥፍር፣ በቀጥታ የተቆረጠ የእግር ጥፍርና ለየራስ የተለየ መቁረጫ ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ቤተሰብን ከበሽታ ይጠብቃሉ። ተጨማሪ ምክር የሚፈልጉ ነዋሪዎች በቀበሌያቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላሉ።